ከቀረሮው ሥር የማይባለው

ቦንጋ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ገብረወልድ፣

እኛ እዚህ ሁላችንም ደኅና ነን፤ እርስዎንም በሰው አገር ብርድ ላይ የእመቤታችን ጥላ አይለይዎት። እናቴ ይመኙሻል "የአክስቴ ልጅ የሚባለው ለወጉ ነው እንጂ በአንድ ትሪ በልተን ያደግን ወንድሜ ነው፤ ሰላምታዬን ከራስሽ ሰላምታ በፊት አስቀድሚ" ብላኛለች። ይኸው አስቀደምኩ። በስልክ መተየብ እንደማይወዱ ስለነገረችኝ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልዎታለሁ። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረዎ የሐኪም ጽሑፍ ነው ይበሉ።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። በሕግ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ገበያው አጠገብ ፎቅ ላይ ቢሮ ያላቸው ጠበቃ ጋሽ ሰብሃት ከመስከረም ጀምሮ ረዳታቸው አድርገው ሊቀጥሩኝ ፈቅደዋል። ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ አለሽ" ይለኛል፤ እኔ ግን ደስ ያለው ሰው የሚሆነውን መሆን አቃተኝ።

ምክንያቱ እርስዎ ነዎት። አራተኛ ዓመት እያለሁ አንድ የአንትሮፖሎጂ ኮርስ ወስጄ ነበር፤ መምህሩ ያስነበበን እርስዎ ስለ ማንኪራ ደን የጻፉትን መጽሐፍ ነው። ቦንጋ ተወልጄ፣ ማንኪራ ለሽርሽር ስንቴ ሄጄ፣ ማንኪራን ያየሁት በእርስዎ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ በቃሌ ይዤዋለሁ። የማር ቀፎ የሚሰቅሉት አቶ ወልደ ማርያም ከትልቁ የቀረሮ ዛፍ ሥር ቆመው፣ እርስዎ "ይህ ቦታ የማን ነው?" ሲሏቸው፣ "የእኔ አይደለም" ያሉበትን። አራት ዓመት ሙሉ "የማን ነው?" የሚለውን ጥያቄ ስማር ኖሬ፣ ጥያቄው ራሱ ሊጠየቅ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እርስዎ የሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አይቻለሁ። እስከ ኅዳር መጨረሻ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ከእርስዎ የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ምክርዎን፣ ሁለተኛ ምክርዎ ከፈቀደ ደብዳቤዎን። እናቴ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ አንዱን ያዢ" እያለች ቀኑን ሙሉ ትነዘንዘኛለች።

አክባሪዎ
ሰብሌ

ላይፕዚግ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብሌ፣

ያሳደገሽ አምላክ ይመስገን። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እጅ ጽሑፍሽን አይቼ የይመኙሻል መስሎኝ ነበር፤ እሷም እንዲሁ መስመር ትስታለች። ሰላም በይልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ላይ ይከዳኛል።

ምክሬን ከጠየቅሽኝ ሳላመነታ እነግርሻለሁ፤ ሕጉን ያዢ። አንትሮፖሎጂ ሰው ቤት ገብቶ በልቶ፣ ወጥቶ ስለ ቤቱ የሚጽፍ ሙያ ነው። ጠበቃ ቢያንስ ለማን እንደሚናገር ያውቃል። ባለጉዳዩ ፊቱ ተቀምጧል፤ ቢያበላሽ ይወቅሰዋል። እኛ ስናበላሽ ማንም አይወቅሰንም፤ ይሸልሙናል እንጂ። ስለ መጽሐፉ ያልሽውን አንብቤያለሁ። የወጣትነት ሥራ ነው፤ ብዙ አትጨነቂበት።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አቶ ሰብሃት ዘንድ የውል ጉዳይ፣ የውርስ፣ የጋብቻ፣ የንግድ ጉዳይ አይጠፋም። እነዚህን ልመጂ። የመሬት መዝገብ ግን በመጀመሪያው ዓመት ባትነኪ ጥሩ ነው፤ አድካሚ ነው፤ ማለቂያም የለው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።

ገብረወልድ

ቦንጋ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ገብረወልድ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገረዎት። መስቀሉን ብቻዎን እንዳላከበሩ ተስፋ አደርጋለሁ። እዚህ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ባጃጆቹ በጭቃ ተለስነው ቀለማቸው አይታወቅም።

ምክርዎን ግማሹን ተቀበልኩ። ልቤ እስኪለይለት ብዬ ጋሽ ሰብሃት ዘንድ ገባሁ። ግማሹን ግን አልቻልኩበትም፤ የመሬት መዝገብ አትንኪ ያሉኝን። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ከማንኪራ በእግራቸው መጥተው ከቢሮው ደጃፍ ተቀመጡ። አማርኛቸው ጥቂት ስለሆነ ጋሽ ሰብሃት ጠሩኝ፤ ከጎረቤት ልጆች የለመድኩት የካፋ ቋንቋ፣ ካፊኖኖ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ ሆነኝ። ስማቸው እትዬ ብርቄ ይባላሉ። የሟቹ የአቶ ወልደ ማርያም ሚስት ናቸው።

በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ሚስት እንደሚያገባ፣ እንደሚሞትም ትዝ አላለኝም ነበር። ደነገጥኩ።

ጉዳያቸው እንዲህ ነው። በ1994 ዓ.ም. አንድ ነጋዴ ከደኑ የታችኛውን ክፍል በክስ ወስዶባቸዋል። አሁን የነጋዴው ልጅ፣ የይዞታ ደብተር ከመሰጠቱ በፊት፣ ቀረሮው ያለበትን የላይኛውንም ይገባኛል ብሎ ከሷል። ማስረጃው የአሮጌው ክስ ውሳኔ ነው። መዝገቡን ከማኅደር አውጥቼ አነበብኩት። በውስጡ የማስታወሻ ደብተር ገጽ ቅጂ አለ። ጽሑፉን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ወር ከላኩልኝ ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ከሥሩ ደግሞ የምስክር ቃል አለ፤ እንዳለ ገልብጬልዎታለሁ፦

"ጥያቄ፦ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?
መልስ፦ አዎ።
ጥያቄ፦ ተከሳሽ ከቦታው ላይ ቆሞ 'የእኔ አይደለም' ብሏል ወይስ አላለም? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይመልሱ።
መልስ፦ አዎ፤ ብለዋል።"

ምስክሩ እርስዎ ነዎት።

እትዬ ብርቄን ጠየቅኳቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ። "እዚያ ቆሞ የእኔ የሚል ማን አለ?" አሉኝ። "ማሩ ሲቆረጥ፣ ቡናው ሲለቀም፣ መጀመሪያ ለቦታው ይሰጣል። ይሄ መስጠት ደጆ ይባላል። የምታበይውን ፊቱ ቆመሽ የእኔ ትይዋለሽ? ይሰማሻል እኮ! ባለቤቱ የሚታወቀው በማብላቱ ነው። እኛ ነን የምናበላው፤ ይሄን ማንኪራ ውስጥ የማያውቅ የለም።"

አሁን ደግሞ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ የመጽሐፍዎን የመጀመሪያ ገጽ አስተርጉሞ ከክሱ ጋር አያይዟል። "ሟቹ የእኔ አይደለም ማለታቸውን ዓለም ያወቀው ነው" ይላል።

የምጠይቅዎት ተቆጥቼ አይደለም፤ ወይም ገና አልተቆጣሁም። አቶ ወልደ ማርያም ያን ቀን ሌላ የተናገሩት ነገር ነበር?

ሰብሌ

ላይፕዚግ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሰብሌ፣

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ደግሞም ጥቂት አሞኝ ነበር። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፏል፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይጨልማል።

ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩበት፤ ባለፈው የሰጠሁሽ ምክር ትክክል አልነበረም። አንቺ የተፈጠርሽው ለአንትሮፖሎጂ ነው። የእትዬ ብርቄን ቃል የጻፍሽበት መንገድ ራሱ ይመሰክራል፤ የእኔ ተማሪዎች በሦስት ዓመት እንደዚያ አይጽፉም። የድጋፍ ደብዳቤውን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የትምህርት ክፍሉንም አነጋግሬልሻለሁ። ቶሎ ብትመጪ መልካም ነው። ከታኅሣሥ በፊት ብትደርሺ ቋንቋውን እየተማርሽ ትቆያለሽ፤ ማረፊያሽም እኔ ቤት ነው። የአቶ ሰብሃትን መዝገብ ሌላ ረዳት ይይዘዋል፤ አገሩ በሕግ ምሩቅ የተሞላ ነው።

ስለ ማንኪራው ነገር ብዙ ዘመን አልፏል። የሰው ትዝታ ደግሞ እንደምታውቂው ነው።

እትዬ ብርቄ ያ ደረቅ ሳል አሁንም አለባቸው? ማታ ማታ ነበር የሚብስባቸው።

ገብረወልድ

ቦንጋ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረወልድ፣

እግዚአብሔር ይማርዎ።

የመስከረሙን ደብዳቤዬን በላክሁበት ዕለት ከምሳ በፊት እንዳዩት በስልኬ ላይ ሁለቱ ምልክቶች ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ አርባ አንድ ቀን ቆጠርኩ። በአርባ አንድ ቀን ውስጥ "ሕጉን ያዢ" የሚለው "ቶሎ ውጪ" ሆነ። ጋሼ፣ እኔ ልጅ ነኝ እንጂ ሕፃን አይደለሁም። መጀመሪያ ከመጽሐፉ አሸሹኝ፤ አሁን ደግሞ ከመዝገቡ። እናቴ ደብዳቤዎን ሳነብላት "ገብሬ እንዲህ ሲለሳለስ አንድ ነገር ሰብሯል ማለት ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው" አለች።

የድጋፍ ደብዳቤውን አስቀምጬዋለሁ። ስለ ቤትዎ ግብዣ አመሰግናለሁ። የሳላቸውን ጉዳይ ጠይቀዋል፤ አዎ፣ አሁንም ያስላቸዋል። የሃያ ሁለት ዓመት ሳል ካስታወሱ የአንድ ቀን ንግግር አይጠፋዎትም።

ስለዚህ ሌላ ነገር አልለምንዎትም። ከ"የእኔ አይደለም" ቀጥሎ አቶ ወልደ ማርያም የተናገሩት ነበር ወይስ አልነበረም? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይመልሱ።

ሰብሌ ነኝ

ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብሌ፣

አዎ።

ይህን አንድ ቃል ለመጻፍ ሃያ አምስት ቀን ፈጀብኝ። እንግዲህ ከተጻፈ የቀረውን ልንገርሽ፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና።

ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ማንኪራ አንድ ዓመት ከአራት ወር ተቀምጫለሁ፤ የበላሁት የእነሱን ነው፤ የተኛሁት ከእነሱ ምድጃ አጠገብ ነው። ወልደ ማርያም እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይስሙ፣ ሰኞ ማር ይዘው ቀረሮው ሥር ይወርዱ ነበር፤ ቄሱ ሲቆጧቸው "እግዜሩ ሰፊ ነው፤ አይቀናም" የሚሉ ሰው። ያን ዕለት የጠየቅኳቸውን ጠየቅኳቸው። "የእኔ አይደለም" አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ያ ዝምታ በጣም ውብ ሆኖ ታየኝ፤ ደብተሬን አውጥቼ ቃሉን ጻፍኩና ከደንኩት። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። ጥቂት ቆይተው ቀጠሉ፤ አባታቸው ቦታውን ያበላ እንደነበር፣ እሳቸው እንደሚያበሉት፣ ልጃቸውም እንደሚያበላው፣ ከዚያ ቤት በቀር ማንም አብልቶት እንደማያውቅ። ደብተሩ ውስጥ ይህ የለም። ካሴቱ ላይ ግን አለ። ቴፑ እየዞረ ነበር።

ካሴቱ እዚህ፣ ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ለምን አልጻፍኩትም ብትይኝ፣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ብቻውን ይበልጥ ስለሚያምር ነው። ሌላ ሰበብ ልፈልግለት ብዙ ዓመት ደክሜያለሁ፤ የለም። አውሮፓ ያሉት መምህሬ ሲያነቡት "መጽሐፍህ ይሄ ነው" አሉኝ። መመረቂያ ጽሑፌን የጀመርኩት በዚያ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሥራ ያገኘሁት በእሱ ነው፤ እስከ ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው።

ነጋዴው ስለ ደብተሩ ከየት እንደሰማ አላውቅም፤ እኔው ቦንጋ ሻይ ቤት ተቀምጬ አውርቼ ይሆናል፤ በግኝቴ እኩራራ ነበር። መጥሪያው ሲደርሰኝ አውሮፕላኔ ሐሙስ ነበር፤ ችሎቱ ማክሰኞ። ልብሴን አስሬ ነው የሄድኩት። ዳኛው አዎ ወይም አይደለም በል አሉኝ፤ አልኩ። ያልኩት እውነት ነው። ከእኔ በፊት ሺህ ምስክር እንዲህ ያለ እውነት ተናግሮ ወጥቷል። ነገር ግን ወልደ ማርያም ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ ልክ ተማሪ ትምህርቱ ሲጠፋበት መምህሩ ቀጥል እንደሚለው። የቀረውን እንድናገር እየጠበቁ ነበር። እኔ አመስግኜ ከመቆሚያው ወረድኩ።

በዓመቱ መሞታቸውን የሰማሁት ከእናትሽ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ትምህርት የምከፍተው በዚያ ዐረፍተ ነገር ነው፤ መጽሐፉ ስለሆነ ማምለጫ የለኝም። "የእኔ አይደለም" ብዬ ሳነብ ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። ልክ እነሱ መጻፍ ሲጀምሩ ከኋላዬ፣ ከሰሌዳው በኩል፣ የቀረው በወልደ ማርያም ድምፅ ይሰማኛል። በካፊኖኖ፣ ቀስ ብለው። ዘወር አልልም። ውኃ እጠጣለሁ። ተማሪዎቹ እንግዲህ የጉሮሮ በሽታ ያለብኝ ይመስላቸዋል። እብድ አይደለሁም፤ ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ።

ይህን ሁሉ በመሐላ ጽፌ፣ በቆንስላ አስመስክሬ እልክልሻለሁ። ካሴቱንም ወደ ስልክ የሚያዛውር ሰው እፈልጋለሁ። ቃሌ ነው።

ገብረወልድ

ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ገብረወልድ፣

የነገሩኝን አንብቤ ማልቀሴን አልደብቅም። ለማን እንዳለቀስኩ ግን አልለየሁትም። አሁን የልቅሶ ጊዜ የለንም።

ችሎቱ ቦታውን በአካል ለማየት ታኅሣሥ 17 ማንኪራ ይወጣል። ዳኛው እትዬ ብርቄን ከቀረሮው ሥር አቁመው ሊጠይቋቸው ነው፤ ምን ብለው እንደሚጠይቁ እርስዎ ያውቁታል። እሳቸውም ምን ብለው እንደሚመልሱ ያውቁታል። ከእርስዎ የተጻፈ ቃል በእጃችን ካለ ጋሽ ሰብሃት ቀድመው ያቀርቡታል፤ እትዬ ብርቄ ዝም ቢሉም ዝምታቸው ምን ማለት እንደሆነ ችሎቱ ይረዳል። ከሌለ ግን ጋሽ ሰብሃት የነገሩኝ ቁርጥ ነው፦ "ልጄ፣ ደንበኛችን 'የእኔ ነው' ማለት አለባቸው። አስለምጃቸው።"

ትናንት ማንኪራ ወጥቼ ጀመርኩ። ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው "የእኔ ነው" ይላሉ፤ ችግር የለም። ከበሩ እንደወጣን ድምፃቸው ይቀንሳል። ደኑ ጫፍ ስንደርስ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቀረሮው ሥር ስንደርስ ይስላሉ።

የሰባ አንድ ዓመት ሴት እንዲህ ማሠልጠን ኃጢአት ይመስለኛል። እባክዎን እስከ 16 ያድርሱልኝ፤ መጀመሪያ ፎቶውን፣ ዋናው ወረቀት ቢዘገይም ግድ የለም። ለራሴ ስል ነው የምለምንዎት፤ ለእሳቸው ብቻ አይደለም።

ሰብሌ

ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብሌ ልጄ፣

ቀኑ ማለፉን አውቃለሁ። የመሐላ ቃሉን አምስት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱ በጣም ረዘመ፣ አንዱ ሰበብ አበዛ፤ አንዱ ደግሞ ሳነበው አማረብኝ፤ እንዳማረብኝ ሳውቅ ቀደድኩት። እንዲህ እያልኩ 16ኛው ቀን መጣና ሄደ። በማንም አላመካኝም።

አሁን ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ከዚህ ጋር ይኸው። የካሴቱም ድምፅ አለ፤ አንድ ወጣት ሠራተኛ አዛወረልኝ። እኔ አልሰማሁትም። ክፍሉ ውስጥ ሲያጫውተው ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ።

ምን ተፈጠረ? ምን አሉ? ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ።

ገብረወልድ

ቦንጋ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረወልድ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። በዓሉን እንደነገሩ አሳለፍን። ለአንድ ወር ዝም ያልኩት ልቀጣዎት ብዬ አይደለም፤ ወሬው ተቆራርጦ እንዳይደርስዎት ብዬ ነው።

አሸንፈናል። ጥር 15 በዋለው ችሎት የላይኛው ደን የእትዬ ብርቄ ይዞታ እንዲሆን ተወስኗል። ጋሽ ሰብሃት ቢሮው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዙ። የእርስዎ መሐላ ችሎቱ ማንኪራ ከወጣ በሦስተኛው ቀን ደርሶናል፤ ውሳኔው ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልተጠቀሰም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

የ17ቱን ልንገርዎት። ካፊያ ነበር። ዳኛው ቦት ጫማ አድርገው፣ ጸሐፊዋ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልላ፣ የነጋዴው ልጅ በንጹሕ ነጭ ሸሚዝ፣ ጋሽ ሰብሃት እያለከለኩ፣ ሁላችንም ወጣን። እትዬ ብርቄ ቀረሮው ሥር ቆሙ። ዳኛው በአማርኛ ጠየቁ፣ አስተርጓሚው በካፊኖኖ ደገመው፦ "ይህ ቦታ የማን ነው?" እትዬ ብርቄ ዳኛውን አላዩም። እኔን አዩኝ። በራሴ ምልክት ሰጠኋቸው፤ ይበሉ አልኳቸው። አስተርጓሚውን በእጃቸው ገለል አድርገው፣ ራሳቸው፣ ባላቸው ጥቂት አማርኛ፣ "የእኔ ነው" አሉ። ጸሐፊዋ ጻፈች። በቃ።

ስንወርድ ለምን በአማርኛ እንደመለሱ ጠየቅኳቸው። "ቦታው እንዳይገባው ብዬ ነዋ" አሉኝ። "የእኛ ቋንቋ አይደለም፤ ቢሰማም አያውቀውም ብዬ።" ጥቂት ሄድን። ከዚያ ቆም ብለው "ግን ገብቶታል" አሉ። "የአንቺ ቅድመ አያቶች ከመጡ ጀምሮ አማርኛ ሲሰማ የኖረ ነው። ምኑ ይጠፋዋል?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ላይ አልወጡም። ቡናው ዛፉ ላይ ደርቋል። የውሳኔውን ግልባጭ ስወስድላቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡትና "ወረቀቱ የእኔ ነው። ቦታው ግን ከእንግዲህ ከእኔ እጅ አይበላም። ያስባልሽኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺ አብይው" አሉኝ። ልከራከር ፈለግኩ፤ አምስት ዓመት የተማርኩት መከራከር ነው። ተውኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያውም ቃሉን አፋቸው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ማርና ቡና ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ምን እንደሚባል ነግረውኛል፤ አልኩት። ማንም አልነበረም። ሆኖም ስመለስ ጀርባዬን ልሰጠው አልደፈርኩም፤ እስከ ደኑ ጫፍ ድረስ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ነው የወጣሁት። አንድ ሰው ቢያየኝ ቦንጋ በሙሉ ይስቅብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ እንኳ "ጃንጥላዬ" ማለት ይከብደኛል፤ "ጃንጥላው" እላለሁ። እናቴ አስተውላ ጠበል ሂጂ እያለችኝ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤዎን መልሼልዎታለሁ። ከጋሽ ሰብሃት ጋር ፈርሜያለሁ። ሕግን የመረጥኩት ስላሸነፈ አይደለም፤ አንትሮፖሎጂንም የተውኩት እርስዎን ስለጠላሁ አይደለም። መስከረም ላይ እርስዎን መጥላት ቀሎኝ ነበር። አሁን አልችልም፤ እኔም በራሴ ሥራ ቸኮልኩ፣ እኔም አንድ ሰው የማይባለውን እንዲል አደረግሁ። ነገር ግን የሚያበላው ሰው ቦታው አጠገብ መኖር አለበት። ላይፕዚግ ሆኜ አላበላውም። ምርጫዬ ይኸው ነው፤ መርጬው እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

አሁን የመጨረሻውን። ድምፁን ለእትዬ ብርቄ ማሰማት ይገባኛል ብዬ ትናንት ሄድኩ። ስልኩን መደቡ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። መጀመሪያ የእርስዎ የወጣትነት ድምፅ ይመጣል። ከዚያ የአቶ ወልደ ማርያም። "የእኔ አይደለም።" ከዚያ ዝምታው። ከዚያ እርስዎ እንደነገሩኝ፣ አባቴ ያበላው ነበር፣ እኔ አበላዋለሁ፣ ልጄ ያበላዋል፣ ከዚህ ቤት ሌላ ማንም አላበላውም። ከዚያ ግን፣ ጋሼ፣ በደብዳቤዎም በመሐላዎም ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ። ሳቅ ብለው፣ ወደ እርስዎ ጠጋ እንዳሉ ያስታውቃል፣ "ይሄን ጻፍ" ይላሉ። "ይሄን ጻፍ እንጂ፤ ለምን ደብተሩን ከደንከው?"

እትዬ ብርቄ አላለቀሱም። ሦስት ጊዜ ደግሜ እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። ከዚያ "ይሄ የተቀዳው ከአሮጌው ችሎት በፊት ነው?" አሉ። አዎ አልኳቸው። "ያን ዕለት በገብረወልድ እጅ ነበር?" አዎ አልኳቸው። ሳላቸው ቆመ።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ ቃላቸውን ሳልቀንስ ልጻፈው። "ወልደ ማርያም እንድንረግመው አልፈቀደም። 'ልጁ አልዋሸም፤ ቸኩሎ ነው፤ የቀረውን ሊናገር ይመጣል' ይል ነበር። ታሞ ከተኛ በኋላ ውሻው በጮኸ ቁጥር ከአልጋው ቀና ይልና 'ገብረወልድ ነው?' ይለኛል። እኔ ወጥቼ አያለሁ። ሰው የለም። 'እየመጣ ነው' እለዋለሁ። በሞተባት ሌሊት ውሻው ሁለት ጊዜ ጮኸ።"

እርስዎ ለምን እንዳልመጡ ጠየቁኝ። እርስዎን ጠይቄ እነግራቸዋለሁ ብያለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እወጣለሁ፤ ምን ልበላቸው?

ሰብሌ